«ስልክሽ ይተረጉምልሻል» ለምትሉን ሁሉ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ አሁን ሥራ ላይ ያላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ደስ የማይለው ሰው ይኖራል፣ ግን ይውጣልኝ። እዚህ ግሩፕ ላይ አንዲት እህት የዓረብኛ ወረቀት ፎቶ አንሥታ «እባካችሁ ምን እንደሚል ንገሩኝ» ብላ ስትለጥፍ ከስር የሚመጣው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ስልክ የለሽም እንዴ? ትራንስሌት አድርጊው!» ከሀገር ስንወጣ ኤጀንሲው የሚለን ይሄንኑ ነው። እዚህ ስንደርስ መክተቡም ይሄንኑ። ማዳምም ስትናደድ ስልኳን አፍንጫችን ላይ ትደቅናለች። አሁን ደግሞ እርስ በርሳችን መባባል ጀመርን።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ የስልክ ትርጉም ለኩሽና ይበቃል። ለፊርማ፣ ለሕመምና ለክስ አይበቃም። «ስልክሽ ይተረጉምልሻል» የሚለው ነገር ምክር መሆኑ ቀርቷል። አስተርጓሚ ማቅረብ የነበረባቸው ሰዎች ኃላፊነታቸውን እኛ ትከሻ ላይ የሚጭኑበት ሰበብ ሆኗል።

ምስጋና ቢስ ነሽ እንዳትሉኝ መጀመሪያ ጥቅሙን ልናገር። ሦስት ዓመት ቤሩት፣ ስድስት ዓመት ሪያድ ሠርቻለሁ። ስልክ ብዙ ረድቶኛል። የዕቃ ስም፣ የቅመም ስም፣ «ዛሬ እንግዳ አለ»፣ «ልጁ በልቷል» ለማለት ከሱ የተሻለ ነገር የለም፤ ደግሞም ነፃ ነው። ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2016 ነው። ከዚያ በፊት የመጡት እህቶቻችን በእጅ ምልክት ነበር ኑሯቸው። ኦሮምኛና ትግርኛ ደግሞ የገቡት ገና በሜይ 2022 ነው። ስለዚህ ስልኩን ጣሉት አላልኩም። የቱ ጋ እንደሚያቆም እወቁ ነው የምለው።

የሚያቆምበትን ለማወቅ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ መረዳት ያስፈልጋል። ማሽኑ እንደ ሰው ነገሩ ገብቶት አይደለም የሚተረጉመው። ሰዎች ከጻፉትና ከተረጎሙት ብዙ ጽሑፍ ተምሮ፣ የትኛው ቃል ቢመጣ እንደሚስማማ ይገምታል። የእንግሊዝኛና የዓረብኛ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ የአማርኛው ትንሽ ነው። አማርኛና ዓረብኛ ጎን ለጎን የተተረጎመ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ አማርኛሽ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይሆንና ከዚያ ነው ዓረብኛ የሚሆነው። ከደሴ ወልድያ ለመሄድ በአዲስ አበባ እንደ መዞር ማለት ነው። መንገድ ላይ የሚወድቅ ዕቃ አለ።

ምን ይወድቃል? አንደኛ ጾታና አክብሮት። እንግሊዝኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ አይለይም፤ ሁሉም «ዩ» ነው። ዓረብኛ ግን እንደኛ ወንድና ሴት ይለያል። እንግሊዝኛው ላይ ስለጠፋ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ወንድ ያደርገዋል። አንቺ ማዳምን በአክብሮት «እባክዎ ደሞዜን ቢሰጡኝ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ እሷ ጋ የሚደርሰው ግን ወንድን እንደ ማዘዝ ያለ «ደሞዜን ስጠኝ» ሊሆን ይችላል። ከዚያ ባለጌ ትባያለሽ። አንቺ ምን እንዳልሽ ታውቂያለሽ፤ እሷም ምን እንዳነበበች ታውቃለች። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ መሀል ላይ ያለውን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ይሄ ቀላሉ ነው። አሁን ከባዱን ልንገራችሁ።

«ራሴን አመመኝ» እንላለን፤ ጭንቅላቴን ማለታችን ነው። ግን «ራሴን» ማለት «እኔን ራሴን» ማለትም ነው። ማሽኑ ሁለተኛውን ከያዘ ራስ ምታትሽ ቀርቶ «ራሴን ጎዳሁ» ተብሎ ይወጣል። ለማያውቅሽ ማዳም ወይ ለድንገተኛ ክፍል ዶክተር «ራሴን ጎዳሁ» የሚል ሠራተኛ ምን እንደሚመስል አስቡት። ከመድኃኒት ይልቅ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል።

«ትመታለች» የሚለውን ቃል ደግሞ እዩ። በአፍ ስንናገረው ችግር የለውም፤ ጠበቅ ወይ ላላ እናደርገዋለን። ላልቶ ሲነበብ ሌላ ሰው ትመታለች ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ሰው ይመታታል ማለት ነው። በፊደል ስንጽፈው ግን ሁለቱም አንድ ነው። «ልጅቷ ትመታለች» ብለሽ ብትጽፊ ማሽኑ ልጅቷ መቺ ትሁን ተመቺ በምን ያውቃል? ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ሕፃን ባለበት ቤት እንደዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በስልክ አስተርጉሞ ማሳየት ስንት ነገር ሊያመጣ እንደሚችል አስቡ።

ሰዓት። እኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ስንል እነሱ 8 የሚሉትን ነው። «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ስንል 9 ነው። ማሽኑ ግን ቁጥሩን እንዳለ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የመድኃኒት ሰዓት፣ የበረራ ሰዓት፣ የሐኪም ቀጠሮ እዚህ ላይ ይበላሻል።

ቀን። «መስከረም 20» ብለሽ ስትጽፊ «ሴፕቴምበር 20» ብሎ ሊያወጣው ይችላል። እውነተኛው ግን ሴፕቴምበር 30 ነው፤ አስር ቀን ጎደለ። ዓመቱማ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ኮንትራትሽ የሚያልቅበትን፣ ደሞዝ የቆመበትን ቀን በሀበሻ አቆጣጠር ጽፈሽ ለማሽን ከሰጠሽ፣ ክስሽ ገና ሳይጀመር ውሸታም መስለሽ ትቀርቢያለሽ።

አሁን ከነሱ ወደኛ የሚመጣውን እንይ። ማሽኑ በደንብ የተማረው የመጽሐፍና የዜና ዓረብኛ ነው። ቤት ውስጥ የሚወራው ግን ሌላ ነው። «እፈልጋለሁ» በመጽሐፉ «ኡሪድ» ነው፤ ሪያድ «አብጋ» ነው፤ ቤሩት «በዲ» ነው። «አሁን» በመጽሐፉ «አልአን»፣ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ «አልሒን»፣ ሊባኖስ «ሀለእ» ነው። ማዳም ዋትሳፕ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፈች 3 እና 7 ቁጥር ስታስገባበት ደግሞ (3 ለዓይን፣ 7 ለሐ ነው የሚያስገቡት) ማሽኑ ጭራሽ ይደናገራል።

አነጋገራቸውም አለ። «ተስለም ኢዴኪ» ስትልሽ እኛ «እጅሽ ይባረክ» የምንለው ነው፤ ስልኩ ግን ስለ እጅሽ መዳን ሊነግርሽ ይችላል። የሊባኖስ እናት ልጇን «ቱእቡርኒ» ስትል በፍቅር ነው፤ ቃል በቃል ግን «ቅበረኝ» ማለት ነው። ሀገሩን ያልለመደች ልጅ ስልኳ ላይ «ቅበረኝ» የሚል ብታይ ትደነግጣለች። እነዚህ ያስቁናል። አንድ ጥያቄ ግን ልጠይቃችሁ፦ «ቅበረኝ» ብሎ የተረጎመውን ማሽን የኮንትራት ወረቀት ላይ ለምን እናምነዋለን?

«አሁንኮ ተሻሽሏል» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ተሻሽሏል። ድሮ የሚያወጣው አማርኛ የተሰባበረ ስለነበር አንባቢዋ ወዲያው ትጠረጥር ነበር። ዛሬ ለስለስ ያለ፣ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ይሰጥሻል። ስሕተቱም አብሮ አምሮ ይመጣል። የሚያምር አማርኛ ልክ ነው ማለት አይደለም።

«መልሼ ወደ አማርኛ አስተረጉሜ አረጋግጣለሁ» የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ልማድ ነው፣ ከምንም ይሻላል። ግን ሁሉን አይዝም። «አሞኛል» ብለሽ ጻፊ፤ ዓረብኛው ወንድ እንደታመመ አድርጎ ቢያወጣው፣ ስትመልሺው «አሞኛል» ብሎ ነው የሚመጣው፤ ምክንያቱም አማርኛው «አሞኛል» ወንድም ሴትም ይለዋል። ሄዶ መጥቶ ልክ የመሰለው መሀል ላይ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

እኔን ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ኮንትራቴ ሲያልቅ አራት ወር ደሞዝ ቀርቶብኝ ነበር። የመክተቡ ሰው አንድ ገጽ ወረቀት አምጥቶ «በስልክሽ አንብቢውና ፈርሚ፣ ከዚያ ትኬትሽ ይቆረጣል» አለኝ። ካሜራውን ደቀንኩበት። ርዕሱን «የመጨረሻ ሰፈራ» አለው። ዝቅ ብሎ «መብቶቼን ሁሉ ተቀብያለሁ» ይላል።

ሰፈራ! እኔ የት ነው የምሰፍረው? «መብቶቼን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚለውስ ሲሰማ መብቴ ተከበረልኝ አይመስልም? ወረቀቱ ግን «ሙኻለሳ» የሚባለው ነው፤ ሒሳብ ተዘጋ፣ ከእንግዲህ አንዱ አንዱን አይጠይቅም የሚል የመጨረሻ ማስረጃ። በእንግሊዝኛ የዚህ ዓይነት ወረቀት የሚጠራበት ቃልና የሰፈራ ቃል አንድ ናቸው፤ ሰፈራ ያለው በዚያ በኩል ዞሮ መጥቶ ነው። «ሑቁቅ» የሚለው የዓረብኛ ቃል ደግሞ መብት ማለት ነው፣ የሥራ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን የሚገባሽ ገንዘብ ማለት ነው። ስለዚህ ያ መልካም የመሰለ ዓረፍተ ነገር «ገንዘቤን በሙሉ ወስጃለሁ» ማለት ነበር። አራት ወር ያልተከፈለኝ እኔ!

አልፈረምኩም። «ማ አወቂዕ ሐታ አፍሀም» አልኩት፤ ሳይገባኝ አልፈርምም ማለት ነው። ተቆጣ፣ ጮኸ፣ ትኬቱን እሰርዛለሁ አለ። የወረቀቱን ፎቶ ሀገሯ ወሎ ቂርአት ቀርታ ዓረብኛ ለምታነብ አንዲት እህት ላክሁላት። በድምፅ መለሰችልኝ፦ «እንዳትፈርሚ፣ ደሞዜን በሙሉ ወስጃለሁ ነው የሚለው።» ስልኩ በሚያምር አማርኛ የሸፈነውን እሷ በአንድ ደቂቃ ገለጠችው። ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ የሦስት ወሩን ከፈሉኝ። አራተኛው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ታዲያ የምናደደው በስልኩ አይደለም። ስልኩ የሚችለውን አደረገ። የምናደደው «በስልክሽ አንብቢው» ባለው ሰው ነው። እሱኮ ወረቀቱ ምን እንደሚል ያውቃል! ዓረብኛ ቋንቋው ነው፣ ሥራውም ነው። ለሕክምና ምርመራ፣ ለቪዛ፣ ለትኬት ገንዘብ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ገጽ በአማርኛ አስጽፎ ማስቀመጥ ያቅተዋል? ያውም ወረቀቱ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው። አንዴ በሰው ቢተረጎም ለሺህ ሠራተኛ ይሆናል። ያልተተረጎመው ውድ ስለሆነ አይመስለኝም። ባይገባን የሚጠቀም ሰው ስላለ ነው።

ይሄ የኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው ኮንቬንሽን ቁጥር 189፣ አንቀጽ 7 ላይ፣ ሠራተኛዋ የሥራ ሁኔታዋን ተገቢ በሆነ፣ ሊረጋገጥና በቀላሉ ሊገባት በሚችል መንገድ ማወቅ አለባት ይላል። የባሕረ ሰላጤ ሀገሮች አላጸደቁትም፤ መለኪያው ግን ተጽፏል። «ሊረጋገጥ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ሰፈራና ሙኻለሳን ያልለየ ትርጉም በምን ይረጋገጣል? የራሳችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ፣ ፍርድ ቤቱ በማይገባው ቋንቋ ሲሠራ ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል ይላል። በሕግ ፊት ቋንቋ ያልገባው ሰው የራሱን ዘዴ ይፈልግ አልተባለም። ሰው ይቁምለት ነው የተባለው። እዚህ ለኛ ሲሆን ለምንድን ነው ስልክ የሚበቃው?

«እኛ ምርጫ የለንም፣ ቤት ተዘግቶብን እያለ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል?» የምትሉኝ እህቶች፣ ልክ ናችሁ። ስልኳን የተቀማች እንኳ አለች። ለዚህ ነው ጣቴን እናንተ ላይ ሳይሆን ኤጀንሲው፣ መክተቡና ኤምባሲዎቻችን ላይ የምቀስረው። ኤጀንሲ ከሀገር ሳንወጣ ኮንትራቱን በምንሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም፣ ጮክ ብሎ ያንብብልን፤ አንድ ቅጂም ቤተሰብ ጋ ይቅር። መክተብ ወረቀት ሲያስፈርም ሰው ያምጣ። ኤምባሲና ቆንስላ ወረቀት በፎቶ የምንልክበትና ሰው የሚያነብልን መንገድ ይክፈቱ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ዓረብኛ የምታነቡ ደግሞ «ትራንስሌት አድርጊው» ብላችሁ አትለፉ። ያቺ እህት ጎግል መኖሩን አጥታው አይደለም። አላመነችውም፤ አለማመኗም ትክክል ነው። ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ አንብቡላት።

እስከዚያው ስልክ ብቻ ላላችሁ የምመክረው፦

ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪው፤ አንድ ሐሳብ፣ አንድ መስመር። «እሷ» «እሱ» ከማለት ማዳም፣ ባባ፣ ልጁ ብለሽ ጥሪ። «ራሴን» ሳይሆን «ጭንቅላቴን» በይ። «ትመታለች» ሳይሆን «ማን ማንን መታ» የሚለውን ሙሉውን ጻፊ።

ሰዓትና ቀን በነሱ አቆጣጠር፣ በቁጥር ጻፊ። እንግሊዝኛ ትንሽ የምትችይ ከሆነ ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ አስተርጉሚ፤ አንድ ዙር ይቀንስልሻል።

ሐኪም ቤት በስልክ ብቻ አትተማመኚ፤ የሚያምሽን ቦታ በእጅሽ አሳዪ፣ የምትወስጂውን መድኃኒት ዕቃውን ይዘሽ ሂጂ።

የፓስፖርት ቁጥር፣ የኢቃማ ቁጥር፣ የባንክ ኮድ ማስተርጎሚያው ላይ አታስገቢ፤ የምትጽፊው ከስልክሽ ወጥቶ ይሄዳል። ለጓደኛሽ ስለ ቤቱ የጻፍሽውንም ሂስትሪው ይይዘዋል፤ ስልክሽን የምትፈትሽ ማዳም ካለች አጥፊው።

ወረቀት ከመጣ ከመፈረምሽ በፊት ፎቶ አንሺና ለምታምኚው ሰው ላኪ። ተገድደሽ ከሆነ ደግሞ ከፊርማሽ አጠገብ በአማርኛ «አልተነበበልኝም» ብለሽ ቀኑን ጻፊ፤ ቢያንስ ምልክት ይቀራል።

እነዚህን ሁለት ቃላት ደግሞ ያለ ስልክ በቃልሽ ያዢ። «ማ አወቂዕ ሐታ አፍሀም»፤ ሳይገባኝ አልፈርምም። «አብጋ ሙተርጂም»፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ሊባኖስ ያላችሁ «በዲ ሙተርጂም» በሉ።

«ስልክሽ ይተረጉምልሻል» ለምትሉን ሰዎች የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ነው፦ እናንተ የራሳችሁን የቤት ካርታ፣ የራሳችሁን የሐኪም ወረቀት በማታውቁት ቋንቋ ቢሰጧችሁ በስልክ አንብባችሁ ትፈርማላችሁ? ካልፈረማችሁ እኛንም አታስፈርሙን።

እህቶቼ፣ ሼር አድርጉት። በተለይ ገና ለሚመጡት ይድረስ። ዓረብኛ የምታነቡ ኮሜንት ላይ ስማችሁን ሳይሆን «እኔ አነባለሁ» ብቻ ጻፉ፤ የቸገራት በኢንቦክስ ታገኛችኋለች።